ባለጉዳይ በዋርካው ሥር

የእንጀራ እናት እንዳለችኝ የደረስሁበት በራሴ ምርምር ነው። ገና ስምንት ዓመቴ ነበር። ኋላ ጄኔቫ ድረስ ሄጄ ምርምር የሚባለውን ነገር በዲግሪ ሲያስተምሩኝ ዘዴው ያው ሆኖ አገኘሁት፤ ጥቂት ማየት፣ ብዙ መደምደም።

አባቴ መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ከቀየት ወዲያ ባለች አንዲት የመንዝ አጥቢያ ማሕሌት ይመራ ነበር። እናቴ የትምወርቅ ከሞተች ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ይፋት ቆላ መውረድ አመጣ። ይፋት ከእኛ ገደል ሥር ነው፤ ከአፋፉ ላይ ቆመው ምራቅ ቢተፉ እስላም አገር ይወድቃል ይባላል። የእኛ ሰው ወደዚያ የሚወርደው ገብስና ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ሊሸጥ፣ በርበሬና ጥጥ ሊገዛ ነው። አባቴ ግን ባዶ እጁን ወርዶ ባዶ እጁን ይወጣል። ቆላ ባዶ እጁን የሚመላለስ ሰው በእኛ አገር ከሌባ ይበልጥ ያስፈራል፤ ሌባ ቢያንስ ይዞ ይመለሳል።

ምንጭ ዳር ሴቶቹ እንስራቸውን እየሞሉ ሲያወሩ እሰማለሁ።

«ሐሙስ ሐሙስ ቆላ ምን አለው?» አለች ገበያነሽ።

«ደጋው አልበረደውም ብለሽ ነው? የምታሞቀው አግኝቶ ነዋ!» አለች ተሾመች።

«ኧረ ከሼሁ ግቢ ነው አሉ የሚገባው።»

«እና? ሼህ ሴት ልጅ አይወልድም?»

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ደስ አለኝ እንጂ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ቤታችንን የያዘችው የአባቴ እህት እትዬ ጥሩሸዋ ነበረች። እትዬ ጥሩሸዋ ትወደኛለች፤ ፍቅሯ ግን እንደ ፀጉር አበጣጠሯ ነው፤ ለራስሽ ነው እየተባለ እንባ የሚያስወጣ። ስለዚህ አንዲት እናት ከየትም ብትመጣ ግድ አልነበረኝም። እስላምም ትሁን፤ ፀጉሬን ቀስ ብላ ካበጠረች ምን ቸገረኝ?

አባቴ ሌላ ሴት መፈለጉም አልገረመኝም። እናቴን አይወዳትም ነበር ብዬ ነበርና የማምነው። ማስረጃ ነበረኝ። ስትቀበር የፍትሐቱን ዜማ የመራው እሱ ነው። ካህናቱ ሌላ ይምራ ቢሉት እንቢ አለ። ድምፁ አንዴ እንኳ አልተሰበረም። አገር ሁሉ እያደነቀ ተመለሰ። «ወንድ ማለት እንዲህ ነው! የሚስቱ ሬሳ ፊቱ ተጋድሞ አንዲት ዜማ አልሳተም!» ይሉ ነበር። እኔም ሰማሁና ስላልሳተው ሁሉ ቂም ያዝሁበት።

አንድ ሐሙስ እትዬ ጥሩሸዋ መሐል ሜዳ ከተማ ለቅሶ ሄዳ ስለ ነበር፣ እኔን የሚተውለት ሰው አጥቶ አባቴ ይዞኝ ወረደ። የእንጀራ እናቴን ላያት ነው ብዬ ንጹሑን ቀሚሴን ለበስሁ። በማለዳ ከአፋፉ ስንነሣ ጉሙ የጅብራውን አንገት አንቆ ይዞ ነበር፤ ስንወርድ ጓሳው አለቀ፣ ብርዱ አለቀ፣ አባቴ በርኖሱን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣለ፤ ከዚያ ማሽላ መጣ፣ ከማሽላው ጋር ዝንብ መጣ። አባቴ መንገዱን ሁሉ አልተናገረም። መቋሚያውን እንደ ተራ ዱላ እየተመረኮዘ ይሄዳል። ለሠርግ የሚሄድ ሰው ያፍራል ይባላል፤ አፍሮ ነው አልሁ።

የሼህ እንድሪስ ግቢ በር ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ አለ። ከሥሩ ሰው ሞልቷል። የታመመ ልጅ ያቀፈች፣ መካን የሆነች፣ በሬው የጠፋበት፣ በዳኝነት የተረታ። ግማሹ አንገቱ ላይ ማተብ አለው። መካከል ላይ አንድ ሰው ጋቢያቸውን እስከ ቅንድባቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። ጭራቸውን ግን አወቅሁት። እጀታው በብር የተለበጠ ጭራ በአገራችን ያላቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ የደብራችን ገበዝ፣ ቄስ አፈወርቅ።

«አባ አፈወርቅ! እንደምን ዋሉ?» ብዬ ሮጥሁ።

«እኔ አይደለሁም» አሉ።

ልማድ አይለቅምና ግን መስቀላቸውን ከጉያቸው አውጥተው አሳለሙኝ።

«ነይ» አለ አባቴ እጄን ይዞ። «ሰውየውን አላወቅሻቸውም።»

ስማቸውንም መስቀላቸውንም አውቃለሁ። ቆላ የወረደ ሰው ስሙን አፋፉ ላይ አስቀምጦ ይመጣ ይሆናል ብዬ ተውሁት። በቅሏቸው ጠፍታ እንደ ነበር በኋላ ሰማሁ። የሼህ እንድሪስ ዱዓ ለጠፋ ከብት ፍቱን ነው ይባላል።

በሩ ላይ አንድ ደረሳ፣ የሼሁ ተማሪ፣ ቆሞ የመጣውን ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል።

«ጉዳይ አለዎ?»

ጉዳይ ያለው ወደ ዋርካው ይላካል፤ ተራው ሲደርስ ሼሁ ወጥተው ዱዓ ያደርጉለታል። አባቴን ግን ሲጠይቀው «የለኝም» አለ። ደረሳው ከበሩ ገለል አለ። ገባን። እንግዳው ሁሉ ውጪ ተቀምጦ፣ ቄስ እንኳ ውጪ ተቀምጠው፣ እኛ ወደ ውስጥ! ወደ ውስጥ የሚገባ ማን ነው? ቤተሰብ ነው። አንድ።

ግቢው ውስጥ መዲና የምትባል ወጣት ሴት ተቀበለችን። አባቴን አንገቷን ሰበር አድርጋ «እንደምን ከረሙ መሪጌታ» አለችው። እኔን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ አቧራዬን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች፤ መንገድ የፈታውን ሹሩባዬን በጣቶቿ ለየችው፤ ቅቤ ቀባችኝና መልሳ ጎነጎነችው። አላመመኝም። ጨርሶ አላመመኝም። ወተት በቅል ሰጠችኝ፤ ጭሱ የሚሸት ወተት። እትዬ ጥሩሸዋን በልቤ አሰናበትኋት።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ እየሳቀች።

አሁንማ ያንቺ ነኝ ልላት ነበር፤ ወተቱ አፌ ውስጥ ነበር።

ቀጥሎ ዶሮ መጣ። ከወንዙ ማዶ የሚኖር፣ ተገኘ የሚባል ክርስቲያን ጎረቤት ተጠርቶ በስመ አብ ብሎ ባረከና አረደው። ለእኛ የተለየ ድስት ወረደ፤ ለብቻው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ የእስላም ሥጋ ያልነካው። አሁን ሳስበው ይህ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የእንግዳ ወግ ነው፤ ይፋት ላይ ደግ ቤት ሁሉ አንድ የክርስቲያን ድስት አያጣም። እኔ ግን የማውቀው የመንዝን ወግ ነበር፤ በመንዝ ዶሮ የሚታረደው ለአማች ነው። ሁለት።

ከሰዓት በኋላ ሐድራው፣ በድቤ የሚጸለየው ጉባኤ፣ ተጀመረ። ረጅም፣ ጨለም ያለ ቤት ነው፤ ወለሉ ላይ ጀንዲ ተነጥፏል፤ የጫት ቅጠል፣ የላብና የሸክላ ውኃ ሽታ አለው። ሼህ እንድሪስ ትንሽ፣ ዓይናቸው የፈዘዘ ሽማግሌ ናቸው። ሼህ ሲባል ቀንድ ያለው ነገር ጠብቄ ነበርና ቅር አለኝ። ድቤው ሲመታ ሰዎቹ በሁለት ረድፍ ሆነው መወዛወዝ ጀመሩ፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ቀስ ብለው፣ ከዚያ ፈጠን፣ ከዚያ ትንፋሻቸው ብቻ። ይህንማ አውቀዋለሁ! የእኛ ደብተራዎች በንግሥ ቀን ልክ እንዲሁ ነው የሚወዛወዙት፤ ልዩነቱ እነዚህ ማን በልጦ ተወዛወዘ ብለው አይጣሉም።

አባቴ ከበሩ አጠገብ አጎዛ ላይ ተቀምጧል። አብሯቸው አልተነሣም። ማተቡን በጣቱ ይዞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። መቋሚያው ጉልበቱ ላይ ተጋድሟል። ድቤው ሲፈጥን አየሁት፤ ያለቅሳል። በዓይኑ ብቻ አይደለም፤ በትከሻው፣ በአፍንጫው፣ እንደ ልጅ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አንዱ ሰው እየተወዛወዘ ሲያልፍ በእግሩ እንዳይረግጠው ብቻ ልብሱን ሰብሰብ አደረገለት።

ደነገጥሁ። የሚስቱ ዘመዶች የተቆጡት መሰለኝ። ጥሎሽ ጎድሎበት ይሆን አልሁ።

ጄኔቫ ሳለሁ ማክሰኞ ማክሰኞ የስፖርት አዳራሽ ተከራይተው ደርቪሽ፣ እየተሽከረከረ የሚጸልይ ሱፊ፣ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ። መሪያቸው ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው። በካልሲ እየተሽከረከርን ራሳችንን እናጣ ነበር፤ ራሳችንን ከማጣታችን በፊት ግን ቦርሳችንን ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ እናስቀምጣለን። ሲያልቅ ሐኪሙ «ምን ተሰማችሁ?» ብሎ በየተራ ይጠይቀናል። ሁሉም የሚለው አያጣም። እኔ እንዲያውም ተናግሬ አልጨርስም ነበር። አባቴን ያን ቀን ምን ተሰማህ ያለው የለም።

ድቤው ካረፈ በኋላ ሼህ እንድሪስ በእጃቸው ጠሩኝ።

«የመሪጌታ ልጅ፣ አንቺስ ጉዳይ አለሽ?»

«አለኝ» አልሁ።

«ምንድን ነው?»

«እናት።»

አባቴ ቀና አለ። ሼሁ አልሳቁም። «ይህማ ትልቅ ጉዳይ ነው። ዋርካው ሥር አይበቃውም» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ሁሉም ዘረጋ። የማይገባኝን ብዙ ነገር አሉ፤ ሰዎቹ አሚን አሉ፤ አባቴም ከበሩ ዳር አሜን አለ። እናት ጠየቅሁ፣ ሽማግሌ እጁን ዘረጋ፣ ጉባኤው አሜን አለ፣ አባቴም አሜን አለ። ይህ ጋብቻ ካልሆነ ጋብቻ ምንድን ነው? ሦስት። ምርምሬ ተጠናቀቀ።

በማግሥቱ አቀበቱን ስንወጣ «መቼ ትመጣለች?» አልሁት።

«ማን?»

«እሷ።»

አባቴ ቆሞ ወደ ገደሉ ተመለከተ። «አትመጣም» አለ። «እኛ ነን የምንሄድ።» ስለ እናቴ ይሁን ስለ ሌላ ነገር ዛሬም አላውቅም። እኔ የሰማሁት ግን ሚስት ከአባቷ ቤት አልወጣም ማለቷን ነው።

ብዙም ሳይቆይ ተከሰሰ። ከሳሹ ቄስ አፈወርቅ ነበሩ። ዋርካው ሥር ያየናቸው ሰው ቀድመው መናገራቸው በዚያ ዕድሜዬ ጀግንነት መሰለኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ ጉባኤ ሲቀመጥ፣ ቄስ አፈወርቅ የመጡት በበቅሎ ነው። በጠፋችው በቅሎ። ዱዓው ሠርቶ ነበር።

ጠዋት እትዬ ጥሩሸዋ አባቴን በር ላይ ይዛው ነበር። «ስማኝ፤ የምናርሰው መሬት የማሕሌቱ ነው። ከማሕሌቱ ከወጣህ ከመሬቱ ወጣህ። ይህቺን ልጅ ምን ልታበላት ነው? ዜማ? ጉዳይ ነበረኝ በል፤ አለቀ። ሪህ በል። በቅሎ በል።»

«በቅሎ የለንም።»

«ለዚህ ነዋ የጠፋችው!»

የደብራችን አለቃ ገብረ አማኑኤል ክፉ ሰው አልነበሩም። መንገዱን ሁሉ ከፍተው ነው የጠየቁት።

«መሪጌታ፣ ሼህ ቤት የምትመላለስ ምን ጉዳይ ኖሮህ ነው?»

«ጉዳይ የለኝም፣ አባታችን።»

«የጠፋ ከብት?»

«የለም።»

«ሕመም? ምትሐት? መተት ያሠራብህ ጠላት?»

«ጤነኛ ነኝ።»

ከኋላ የጎረቤታችን የአያ ዳኜ ድምፅ ተሰማ። «ኧረ አንድ ነገር ይጥፋብህ፣ መሪጌታ!»

ሰው ሳቀ። አለቃው አልሳቁም። የመጣው ነገር ገብቷቸዋል። ከዚያ ጉባኤ ውስጥ ቆላ ያልወረደ፣ ወይ ሚስቱን ያልላከ አልነበረም፤ ለጉዳይ መውረድ ነውር የለውም። በቅሎ ስትጠፋ ሃይማኖት ትንሽ ዘወር ትላለች። ጉዳይ ሳይኖረው የሚወርድ ግን፣ ከሼሁ ምንም ሳይፈልግ እዚያ የሚቀመጥ ግን፣ ለእግዚአብሔር ብሎ ነው የሄደው ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ይቅር አይባልም።

ያን ጊዜ እትዬ ጥሩሸዋ ተነሣች። ሴት በጉባኤ አትናገርም፤ እሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ተናገረች።

«ሴት ነው! ምን ትደብቃለህ? ሚስቱ የሞተችበት ወንድ ነው፤ ሴት ይዞ ነው! የሼሁን ዘመድ ይዞ ነው!»

እንዲህ ያለ እፎይታ አይቼ አላውቅም። ጉባኤው በአንድ አፍ ተነፈሰ። የአለቃው ፊት በራ። «እንግዲያ ኃጢአት ነው እንጂ ክህደት አይደለም» አሉ፤ «ኃጢአት ንስሐ አለው። ይሰግዳል፣ ይጾማል፣ ሴቲቱን ይተዋል።» መተው የምትለዋ ባትጥመኝም፣ የእንጀራ እናቴ በአገር ፊት ታወቀችልኝ። አባቴን አየሁት። አዎ ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

«እህቴ ለመሬቱ ብላ ነው» አለ አባቴ። «ሴት የለችም።»

ካደኝ። የጎነጎነችኝን፣ ወተት የሰጠችኝን፣ አሜን የተባለላትን ሴት በአገር ፊት ካዳት። ቤተ ክርስቲያኑ ስለ ሌላ ክህደት ይጨነቃል፤ እኔ ስለዚህኛው።

«ታዲያ እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«እጸልያለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«አቡነ ዘበሰማያት።»

«በድቤ?» አሉ ቄስ አፈወርቅ ከበቅሏቸው ጎን፤ ሰውም ተንከተከተ።

«በድቤ» አለ አባቴ። አንድ ጊዜ ብቻ አያቸው፤ ከዚያ በቅሏን አያት። ቄስ አፈወርቅ ፊታቸው ላይ ያለው ዝንብ ሳይታያቸው ቀረ። ጭራው እጃቸው ላይ ቆመ። አባቴ ግን ዓይኑን መለሰ።

«እዚህ ጸሎት ጠፋ?» አሉ አለቃው፤ አሁን በቀስታ ነው።

«አልጠፋም፣ አባታችን። እዚህ መሪ ነኝ። እኔ ከሳትሁ ሁሉ ይስታል፤ ስለዚህ አልስትም። የትምወርቅ ስትቀበር እንኳ አልሳትሁም። እናንተ አደነቃችሁ። ከዚያ ወዲህ ድምፄን ስሰማው ያስጠላኛል። እዚያ የሚከተለኝ የለም፤ ብስትም ማንም አይስትም። ተቀምጬ አለቅሳለሁ፤ አቡነ ዘበሰማያት እላለሁ። ይኸው ነው።»

ማንም አልሳቀም። አለቃው፣ እንግዲያስ ቄደር ተጠመቅና ዳግም ላትወርድ ማል አሉት። ቄደር የካደ ሰው ሲመለስ የሚጠመቀው ነው። አባቴ «የካደ ነው የሚጠመቅ፤ እኔ አልካድሁም» አለና መቋሚያውን ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አስደግፎ ወጣ። እኔ አልተከተልሁትም። እትዬ ጥሩሸዋ ጋር ቀረሁ፤ እሷ ስለ መሬቱ ታለቅሳለች፣ እኔ ስለ መዲና።

መሬቱ ሲሄድ እኔም ሄድሁ። አዲስ አበባ ያለ የእናቴ ወንድም ወሰደኝ፤ ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ጄኔቫ። ብዙ ሰው የተማርሁት በጎበዝነቴ ይመስለዋል፤ እኔም እንዲመስለው አልከለክልም። አባቴ ባና እየሠራ ኖረ፤ ሐሙስ ሐሙስ መውረዱንም አልተወም አሉ። የሞተው እኔ ካልሲዬን አድርጌ ስሽከረከር ነው። እስከዚያ ድረስ አልታረቅሁትም ነበር።

አምና ስመለስ እትዬ ጥሩሸዋን ስለ ቆላዋ ሚስት ጠየቅኋት። «የቷ ሚስት?» አለችኝ። «እኔ ጉባኤ ላይ የፈጠርኋት ናት? ኧረ አንቺ ልጅ! ይህን ሁሉ ተምረሽ?»

አላመንኋትም፤ የተማረ ሰው ማስረጃ ይፈልጋል። ለፕሮፌሰሬ የምጽፈው ጥናት ነበረኝ፤ ርእሱ ረጅም ነው። ቴፕ ሪከርደር ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ያን ቁልቁለት ወረድሁ። መዲናን ወንዙ ዳር አገኘኋት። ወፍራለች፤ ግንባሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። ማን እንደ ሆንሁ ስነግራት አፏን በእጇ ያዘች።

«የመሪጌታ! አጎዛው እኮ አሁንም በሩ ዳር ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም።»

ከዚያ እንደ ምንም ጥያቄዬን ጠየቅኋት። ሳቋ ወንዙን ተሻገረ።

«እኔ? የእሱ? ባሌ ይስማሽ! የሼሁ የልጃቸው ሚስት ነበርሁ እኮ፤ አራስ ነበርሁ።»

«ዶሮውስ?»

«እንግዳ አይደላችሁ እንዴ?»

ፀጉሬን አየት አደረገች። አጭር ነው፤ የሚጎነጎን የለውም። «ግቢ፣ ግቢ» አለችኝ፤ «ሐሙስ ነው፤ ሐድራ አለ።»

በሩ ላይ ሌላ ደረሳ ቆሟል፤ ልጅ እግር ነው። ጥያቄው ያው ነው።

«ጉዳይ አለሽ?»

በውስጥ ድቤው ተጀምሯል። ከበሩ አሻግሬ የአጎዛውን ጫፍ አየሁት። ለዚህ ጥያቄ መልሱን የማውቅ እኔ ነኝ፤ የአባቴ ልጅ ነኝ፤ አንዲት ቃል ናት።

«የለኝም» አልሁ።

ልጁ ቴፕ ሪከርደሩን አየ። ማይክሮፎኑን አየ። ከዚያ ፊቴን አየ፤ እሱን ከሁሉ አስረዝሞ አየው። አልተቆጣም።

«አለሽ እንጂ» አለና ዋርካውን በአገጩ አሳየኝ።

ሄጄ ተቀመጥሁ። ሰዉ ጠጋ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠኝ። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እስከ ቅንድባቸው ተከናንበው ዝንብ ይከላከላሉ፤ የጭራው ብር ተላልጧል፣ ፀጉሩ ሳስቷል። አሁን አለቃ ሆነዋል ብለውኝ ነበር። ዓይናቸውን አጥብበው ብዙ አዩኝ።

«አንቺ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የመሪጌታ መርስዔ ኃዘን ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

ድቤው ፈጠነ። ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ ሳብሁት።

«እኔ አይደለሁም» አልኋቸው።